የእንግሊዝኛ የስሜት ቃላትን ለትናንሽ ልጆች በዘፈንና በእጅ ሥራ ማስተማር፦ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ አስተማሪዎችና ወላጆች የሚያነሱት ቅሬታ አንድ አይነት ነው። ልጆቹ ስለ ስሜት የሚዘፈነውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ከነእንቅስቃሴው ጥርት አድርገው ይዘፍኑታል፣ ፊት ስለው ከለር ቀብተው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፣ በማግስቱ ግን አንዱን ልጅ «ሃው አር ዩ ቱደይ?» ብትሉት እንባው እየወረደም ቢሆን «ፋይን ታንክዩ» ብሎ ይመልስላችኋል። ሳድ የሚለውን ቃል ትናንት ሃያ ጊዜ ዘፍኖታል እኮ!

ልጁ ሰንፎ አይደለም። ዘፈኑ ለብቻው ሄደ፣ ወረቀት ቆረጣው ለብቻው ሄደ፣ መሀል ላይ ልጁ ቃሉን አውጥቶ ለሆነ ሰው የሆነ ነገር የሚናገርበት ቦታ አልተሰጠውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ አንድ ነገር ላይ ነው የቆመው፣ ልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር ይዞት የሚያወራበት ዕቃ መሆን አለበት። ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ብቻ የሚሠራ ነገር ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

መመሪያው ከ4 እስከ 8 አመት ላሉ፣ እንግሊዝኛ ገና ለጀመሩ ልጆች ነው። በሁለት ክፍለ ጊዜ ይሠራል፣ እያንዳንዱ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። በአንድ ቀን ልጨርሰው ካላችሁ የሚቆረጠው ሁሌ የመጨረሻው የማውራት ክፍል ነው፣ ዋናው ደግሞ እሱ ነው፣ ስለዚህ ለሁለት ክፈሉት።

ዝግጅት ሀ፦ ቃላቱን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ቃል ብቻ ውሰዱ፦ ሃፒ (ደስ ያለው)፣ ሳድ (ያዘነ)፣ አንግሪ (የተቆጣ)፣ ስኬርድ (የፈራ)። አስር አስራ ሁለት ፊት ያለበት ፖስተር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ያምራልም፣ ግን አስሩን ባንድ ላይ ስታመጡ ልጁ የሚይዘው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው፣ መሀል ያሉት ይምታቱበታል።

ምርጫው ላይ የምትጠነቀቋቸው ነገሮች፦

1. ስኬርድንና ሰርፕራይዝድን (የተገረመ) በአንድ ቀን አታስተምሩ። የሁለቱም ፊት ዓይን የፈጠጠ አፍ የተከፈተ ስለሆነ ልጁ ስዕሉን አይቶ መለየት አይችልም፣ ትልቅ ሰውም ይሳሳታል።
2. አንግሪ እና ሀንግሪ (የራበው) አንድ ሳምንት ውስጥ እንዳይገናኙ። ድምፃቸው በጣም ቅርብ ነው፣ አንዴ ከተደባለቁ ለማላቀቅ ብዙ ትደክማላችሁ። አንግሪ መጀመሪያ በደንብ ይያዝ፣ ሀንግሪ ከሁለትና ሶስት ሳምንት በኋላ ይምጣ።
3. ቦርድ (የሰለቸው) እና ቦሪንግ (አሰልቺ)፣ ስኬርድ እና ስኬሪ (አስፈሪ) አይነት ጥንዶችን ለዚህ ዕድሜ ጭራሽ አታንሱ። ልጁ «አይ አም ስኬሪ» ካለ ትክክለኛውን መልሳችሁ ንገሩትና እለፉ፣ ማብራሪያ ውስጥ አትግቡ።

አረፍተ ነገሩም አንድ ብቻ ይሁን፦ «አይ አም ሃፒ»። አይ ፊል፣ አይ አም ፊሊንግ፣ ኢት ሜክስ ሚ ምናምን የሚባለው ሁሉ ይቆይ። የሚቀያየረው የመጨረሻው ቃል ብቻ ሲሆን ልጁ ሀሳቡን በሙሉ እሱ ላይ ያደርጋል።

ዝግጅት ለ፦ ዕቃዎቹን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሱ

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ቁጭ ብለው እናንተ ወረቀት እየቆረጣችሁ ከሆነ ትምህርቱ አልቆለታል። ከመግባታችሁ በፊት እነዚህ ዝግጁ ይሁኑ፦

- አራት ትልልቅ የፊት ካርዶች፣ እያንዳንዳቸው በግማሽ ኤፎር ልክ፣ በወፍራም ማርከር የተሳሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ መለየት መቻል አለበት።
- አንድ የእጅ አሻንጉሊት፣ ካልሲ ላይ ሁለት ቁልፍ የተሰፋበትም ቢሆን ይበቃል።
- ለሁለት ልጅ አንድ ትንሽ መስታወት፣ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጡ።
- ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ ከጠንካራ ወረቀት ወይም ከስስ ካርቶን የተቆረጠ።
- ለእያንዳንዱ ልጅ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 29 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ወረቀት፣ ከኤፎር በርዝመቱ በኩል ትወጣለች። አፎች የሚሳሉባት እሷ ላይ ስለሆነ ከአሁን በኋላ የአፍ ወረቀት እላታለሁ።
- ከለር፣ ማርከር፣ ጫፉ ድፍን የሆነ የልጆች መቀስ፣ ኮላ፣ ፕላስተር።

ካርዱ ላይ ቃሉን የምትጽፉት ለ6 አመትና ከዛ በላይ ላሉት ነው፣ እሱንም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ። ፊደል ገና ያልለመዱ ልጆች ካርድ ላይ ስዕሉ ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 4 ላይ የምትሠራውን ዕቃ አንድ ጊዜ እራሳችሁ ሠርታችሁ ሞክሯት። የተሠራች ናሙና ይዛችሁ መግባታችሁ ግማሽ ማብራሪያ ያስቀርላችኋል፣ የት ላይ እንደሚበላሽም ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ዝግጅት ሐ፦ ዘፈኑን ራሳችሁ አዘጋጁ

ዩቲዩብ ላይ ያሉት የስሜት ዘፈኖች ብዙዎቹ ለዚህ ዕድሜ ይፈጥናሉ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ቃል ይጨመቅባቸዋል፣ ደሞ ቪዲዮው ሲከፈት ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ እንጂ አይዘፍኑም። እኔ ስክሪኑ ይቅር ባይ ነኝ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች። በራሳችሁ ድምፅ ከዘፈናችሁት ማቆም፣ መድገም፣ ማዝገም ትችላላችሁ፣ የዚህ ትምህርት ትልቁ መሣሪያ ደግሞ ማቆም ነው።

ልጆቹ የሚያውቁትን ማንኛውንም ቀላል ዜማ ውሰዱና ይህን ግጥም ጫኑበት፦

ሃው አር ዩ? ሃው አር ዩ?
ሃው አር ዩ ቱደይ?
አይ አም ሃፒ፣ አይ አም ሃፒ፣
አይ አም ሃፒ ቱደይ።

በየዙሩ ሃፒ የሚለው ብቻ ይቀየራል። ድምፃችሁ ባያምርም ልጆቹ ግድ የላቸውም፣ ቀስ ብሎ መዝፈን ግን ግዴታ ነው።

ደረጃ 1፦ ፊት መሥራት (የመጀመሪያው ቀን፣ 8 ደቂቃ)

1. አሻንጉሊቱን ከጀርባችሁ አውጡት። ዝም ብላችሁ የሃፒን ፊት ሥሩ፣ «አይ አም ሃፒ» በሉ በአሻንጉሊቱ ድምፅ። ካርዱን አሳዩ።
2. ልጆቹ በመስታወት እያዩ ፊቱን ይሥሩ። ቃሉን እናንተ ብቻ በሉ፣ እነሱ እንዲሉ አትጠይቁ።
3. ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የሰውነት ምልክት ስጡ፣ ከዛ በኋላ እንዳትቀይሩት፦ ሃፒ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ሳድ ትከሻ ወርዶ አንገት ደፋ፣ አንግሪ እግር መሬት መምታት፣ ስኬርድ ሁለት እጅ ደረት ላይ ተጣጥፎ ወደ ኋላ ሸሸት።
4. አራቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ዙሩ።

ምልክቱ ለጌጥ አይደለም። ፊት አይቶ ስሜት መለየት የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፣ ሰው ዓይን ማየት የሚጨንቃቸውም አሉ፣ እነዚህ ልጆች ቃሉን የሚይዙት በእግሩ ምትና በትከሻው ነው። መስታወት ማየት የማይፈልገውን ልጅ አታስገድዱት።

ወደ አማርኛ መተርጎም ያጓጓል፣ ግን ፊቱና ምልክቱ ስላለ አያስፈልግም። አንድ ልጅ «ማዘን ማለት ነው አይደል?» ካለ በፈገግታ አንገታችሁን በአዎንታ ነቅንቁና በእንግሊዝኛው ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ሰምቶ ማድረግ (7 ደቂቃ)

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በኋላ ቃሉ ጠፋብን የሚሉት። ልጆች አዲስ ቃል ከማውጣታቸው በፊት ብዙ ጊዜ መስማት አለባቸው።

1. ልጆቹን አስነሱ። ቃሉን ስትሉ ምልክቱን ያደርጋሉ። መጀመሪያ እናንተም አብራችሁ አድርጉ።
2. ሁለተኛው ዙር ላይ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ቃሉን ብቻ በሉ። አሁን ማን እንደሰማና ማን ጓደኛውን እያየ እንደሚሠራ ታያላችሁ።
3. ሶስተኛው ዙር ላይ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። የሚኮርጁት የላቸውም።
4. ቅደም ተከተሉን አምታቱ፣ ሳድ ሳድ አንግሪ፣ ከዛ ሃፒ፣ ከዛ እንደገና ሳድ።

ዓይን ጨፍነው ከአራት ሶስቱን ካገኙ ወደ ዘፈኑ እለፉ። ብዙዎቹ ከተምታቱ አንድ ቃል ቀንሱ፣ ስኬርድ ለነገ ይሂድ። ቃል መቀነስ እንደ ውድቀት እንዳይታያችሁ፣ ሶስት በደንብ የተያዘ ቃል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ዘፈኑ (12 ደቂቃ)

1. አንድ ጊዜ ለብቻችሁ ዝፈኑት፣ ከነምልክቱ። ልጆቹ ምልክቱን ብቻ ይሥሩ።
2. ሁለተኛ ጊዜ «አይ አም ሃፒ» የሚለውን መስመር ብቻ አብረው ይበሉ፣ ጥያቄውን እናንተ ያዙት።
3. በየስሜቱ ድምፃችሁን ቀይሩ። ሳድ በዝግታ ዝቅ ብሎ፣ አንግሪ በወፍራም ድምፅ እግር እየመቱ፣ ስኬርድ በሹክሹክታ እየተንቀጠቀጡ። ይህ ቃሉን ከስሜቱ ጋር ያስረዋል፣ ሁሉም በአንድ ደስ ባለው ዜማ ከተዘፈነ ግን ልጁ ሳድን እየሳቀ ይዘፍነውና ቃሉ ባዶ ይሆንበታል።
4. አሁን ዋናው ጋ ደርሰናል። «አይ አም...» ብላችሁ ቁሙ። ካርድ ወደ ላይ አንሱ። ቃሉን ልጆቹ ይሙሉት። ሶስት አራት ሰከንድ ጠብቁ፣ ዝምታው ቢያስጨንቃችሁም እናንተ አትሙሉላቸው።
5. ካርዱን በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል አንሱ። ሁሌ በሃፒ ከጀመራችሁ ዘፈኑን በቃላቸው ይዘው ካርዱን ማየት ያቆማሉ።
6. ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ። አንዱ ወገን ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዛ ይቀያየሩ።

ጥያቄውን ልጆቹም መዝፈን አለባቸው። ነገ ከጓደኛቸው ጋር ሲጫወቱ «ሃው አር ዩ?» የሚለው ያስፈልጋቸዋል፣ ሁሌ አስተማሪው ብቻ ከጠየቀ ግን መመለስ ብቻ ነው የሚለምዱት።

የመጀመሪያው ቀን እዚህ ጋ ያልቃል። ሲወጡ በር ላይ ቁሙና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ አሳዩ፣ ቃሉን በሹክሹክታ ነግሯችሁ ይውጣ። ያልቻለ ልጅ ካለ እናንተ ንገሩትና ይድገም፣ ማንም ቆሞ እንዳይቀር።

ደረጃ 4፦ አፉ የሚቀያየር ፊት መሥራት (ሁለተኛው ቀን)

መጀመሪያ 5 ደቂቃ ዘፈኑን «አይ አም...» ላይ እያቆማችሁ ከልሱ። ከዛ 15 ደቂቃ ለሥራው።

ይህን ዕቃ የመረጥኩት አንድ ፊት ላይ አራቱንም ስሜት ስለሚያወጣ ነው። አንድ ስሜት ብቻ የሚያሳይ ጭምብል የሠራ ልጅ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገርበት፣ ደግሞ ልጆች ምርጫ ስትሰጧቸው ሁሉም ሃፒ ይስላሉ።

እናንተ ቀድማችሁ የምትሠሩት፦

1. ክቡ ላይ ከላይኛው ጫፍ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወርዳችሁ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አግድም ስንጥቅ አውጡ። ከሱ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛውን ስንጥቅ አውጡ፣ በልኩ።
2. ስንጥቁን በካተር የምትቆርጡት ቤታችሁ ወይም ባዶ ክፍል ውስጥ ነው፣ ልጆች ባሉበት ካተር አይውጣ።
3. የአፍ ወረቀቷን ከላይ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝለሉ፣ ከዛ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አስምሩ፣ አራት ሳጥን ይወጣል፣ ከታችም 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይተርፋል። ትርፉ መሳቢያ ነው፣ እንዳይሳልበት።

ልጆቹ የሚሠሩት፦

1. የአፍ ወረቀቷ ላይ በየሳጥኑ አንድ አንድ አፍ ይሳሉ። ካርዱን እያነሳችሁ አንድ በአንድ ምሩ፦ ሃፒ ጫፉ ወደ ላይ፣ ሳድ ጫፉ ወደ ታች፣ አንግሪ ጥርስ የነከሰ ቀጥ ያለ፣ ስኬርድ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ መስመር።
2. ክቡ ላይ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና ፀጉር ይሳሉ። አፍንጫው ከላይኛው ስንጥቅ በላይ ይሁን። ቅንድብ እንዳይስሉ ንገሯቸው፣ ቅንድብ አንዴ ከተሳለ ፊቱ የተቆጣ ወይም ያዘነ ሆኖ ይቀርና አፉ ሲቀየር አይሰማማም። ስንጫወት ቅንድቡን በሁለት ጣታቸው ያደርጉታል።
3. የአፍ ወረቀቷን ከጀርባ በታችኛው ስንጥቅ ወደ ፊት ያውጧት፣ ከዛ በላይኛው ስንጥቅ መልሰው ወደ ጀርባ ያስገቧት። የተሳለው ገጽ ወደ ፊት ይሁን።
4. ሁለቱንም ጫፍ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይጠፏቸው፣ ስትጎተት ተንሸራታ እንዳትወጣ።
5. ሞክሩ፦ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎትቱ አፉ ይቀያየራል። ወረቀቷ ከራስ በላይ ወይም ከአገጭ በታች ብቅ ብትል ችግር የለም።

ለ4 እና ለ5 አመት ልጆች 3ኛውንና 4ኛውን እናንተ ሥሩላቸው፣ እነሱ ይሳሉና ከለር ይቀቡ። ብዛት ያለው ክፍል ከሆነ ልጆቹን በአራት በአራት አስቀምጡና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቀልጠፍ ያለ ልጅ ረዳት አድርጉ።

እጅ እየሠራ አፍ ዝም እንዳይል

እዚህ ጋ ነው ብዙ ትምህርት የሚባክነው። ልጆቹ ከለር ሲቀቡ 15 ደቂቃ ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይወጣ ያልፋል። መፍትሔው ዕቃ የምትሰጡበትን መንገድ መቀየር ነው።

- ከለር በመሀል አስቀምጡ እንጂ አታድሉ። የሳድን አፍ የጨረሰ ልጅ «አይ አም ሳድ» ብሎ ያሳያችሁና ቀጣዩን ይጀምር።
- እየዞራችሁ የእያንዳንዱን ልጅ ሥራ እያመለከታችሁ «ኢዝ ሂ አንግሪ?» በሉ፣ የስ ወይም ኖ ይበቃል።
- ቀድመው የጨረሱትን ቁጭ አታድርጉ፣ ጥንድ አድርጋችሁ ወደ ደረጃ 5 ላኳቸው።
- ዘፈኑን በዝግታ ከጀርባ ዝፈኑ፣ የፈለገ ይከተላል።

በአማርኛ ስለ መቀስና ስለ ከለር ቢያወሩ አትከልክሏቸው፣ ልጆች ናቸው። እናንተ የምትጠብቁት የስሜት ቃሉ በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ

- ከ4 አመት በታች የሆነ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አብሮ ካለ ዶቃ፣ ቁልፍና የአሻንጉሊት ዓይን አይቅረብ፣ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።
- ጭምብል መሥራት ከፈለጋችሁ አንገት ወይም ራስ ላይ የሚታሰር ክር አታድርጉበት፣ በአይስክሬም እንጨት የሚያዝ ይሁን።
- በስቴፕለር አያይዛችሁ ከሆነ በሹሉ በኩል ፕላስተር ለጥፉ።

ደረጃ 5፦ በተሠራው ፊት ማውራት (15 ደቂቃ፣ ከዚህ አትቀንሱ)

ጨዋታ አንድ፣ ግምት። አንዱ ልጅ የወረቀት ፊቱን ወደ ራሱ አዙሮ አፉን ይመርጣል። ጓደኛው «አር ዩ ሳድ?» ይላል። «ኖ»። «አር ዩ አንግሪ?» «የስ! አይ አም አንግሪ» ይልና ፊቱን ያዞራል። ይቀያየራሉ። ይህ ጨዋታ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ጠያቂው ልጅ መልሱን በእውነት አያውቀውም፣ ስለዚህ በእውነት ይጠይቃል።

ጨዋታ ሁለት፣ ምን ሆነ? አሻንጉሊቱን ያዙና አጭር ነገር ሥሩ። ኳሱ ጠፋበት። ስጦታ ተሰጠው። አንዱ ገፈተረው። መብራት ጠፋ። ልጆቹ አፉን ጎትተው ፊታቸውን ያሳያሉ፣ ከዛ እናንተ አሻንጉሊቱን «ሃው አር ዩ?» ትሉታላችሁ፣ እነሱ በሱ ፋንታ ይመልሳሉ። እዚህ ላይ አንዱ አንግሪ ሌላው ሳድ ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ኳሱ የጠፋበት ሰው ሊናደድም ይችላል። «ኖ» ብላችሁ አትቁረጡት።

ጨዋታ ሶስት፣ የራስ ስሜት። ፈቃደኛ የሆነ ልጅ ብቻ አፉን እውነተኛ ስሜቱ ላይ አድርጎ ይናገራል። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ይተው።

ደረጃ 6፦ ቀጣዮቹ ቀናት

ቃሉ ልጁ አእምሮ ውስጥ የሚቀረው እዚህ ነው፣ የሚጠይቀው ጊዜ ደግሞ በቀን 2 ደቂቃ ብቻ። አራቱን ፊቶች በር አጠገብ በልጆቹ ቁመት ልክ ለጥፉ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ስም ያለበት የልብስ መቆንጠጫ አዘጋጁ። ሲገቡ መቆንጠጫቸውን በተሰማቸው ፊት ላይ ያደርጉና «አይ አም...» ብለው ይሞላሉ። ቤት ውስጥ ከሆነ የሠሩትን ፊት ፍሪጅ ላይ ወይም አልጋቸው አጠገብ አድርጉት፣ ጠዋትና ማታ አፉን ይጎትቱ፣ እናትና አባትም የራሳቸውን ይበሉ።

ዘፈኑን በማግስቱ፣ ከሶስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ መልሱት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ፈትኑ። ዘፈን ሳይኖር፣ ካርድ ሳይኖር፣ አሻንጉሊቱን ወደቀ አድርጉና ልጁን ለብቻው ጠይቁት። ቃሉን ወዲያው ካወጣው ይዞታል። ዘፈኑን ከመጀመሪያው በሹክሹክታ እየዘፈነ እዛ ቃል ጋ ሲደርስ የሚናገር ከሆነ ገና ነው፣ ቃሉ ከዜማው አልተላቀቀም ማለት ነው፣ የግምት ጨዋታውን ጨምሩለት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*«አይ ሃፒ» ይላል፣ «አም» የሚለውን ይውጠዋል።* አማርኛው ላይ «ደስ ብሎኛል» አንድ ላይ ስለሚሄድ መሀል ያለችው ቃል ለልጁ ምንም አይደለችም። ሶስት ጣት አሳዩ፣ አይ፣ አም፣ ሃፒ፣ በእያንዳንዱ ጣት አንድ ቃል። መሀለኛዋን ጣት እያወዛወዛችሁ ድገሙት። ከዛ በኋላ ሲረሳ ጣቷን ማሳየት ብቻ ይበቃል፣ «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልግም።

*«እስኬርድ» ይላል።* ስ ላይ እንደ እባብ ይቆይ፣ ስስስ ብሎ ረዘም አድርጎ ከዛ ኬርድ። በሹክሹክታ ሲዘፈን ቀድሞ ይስተካከላል። ትንሽ «እ» ብትሰማም ግን ቃሉ ይገባል፣ ለአንድ ድምፅ ብላችሁ ልጁን አስር ጊዜ አታስደግሙት።

*ሁሉም ሃፒ ብቻ ይላሉ።* አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ሃፒ ሲሉ እናጨበጭባለን፣ አንግሪ ሲሉ ፊታችን ይጨማደዳል። ለአራቱም እኩል ምላሽ ስጡ። እናንተም አንዳንድ ቀን «አይ አም ታየርድ» (ደክሞኛል) ወይም «አይ አም ሳድ» በሉ፣ እውነት ከሆነ።

*አንግሪ ላይ ክፍሉ ተረበሸ፣ መገፋፋት ተጀመረ።* እግር መምታቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድርጉት፣ ከአንግሪ ቀጥሎ ሁሌ ስኬርድን በሹክሹክታ አምጡ። መጮህ አያስፈልጋችሁም፣ ሹክሹክታው ራሱ ያወርዳቸዋል።

*አንድ ልጅ ቃል አይወጣውም።* ምልክቱን ከሠራ፣ አፉን በትክክል ከጎተተ፣ እየተማረ ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በልጆች ፊት ለብቻው አታቁሙት፣ በሹክሹክታ ለአሻንጉሊቱ ጆሮ እንዲነግረው ፍቀዱለት።

*የአፍ ወረቀቷ አልንቀሳቀስ አለች ወይም ተቀደደች።* ከጠበቀች በሁለቱም ጎን በጣም ትንሽ ከርክሟት። ስንጥቁ ከተቀደደ ከጀርባ ፕላስተር ለጥፉና እንደገና ሰንጥቁት። ማርከሩ ሳይደርቅ ከገባች ቀለሙ ተጨማልቆ አፎቹ ይበላሻሉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አስጠብቋቸው፣ እስከዛ ዘፈኑን አንዴ ዝፈኑ። ትርፍ የአፍ ወረቀት አምስት ስድስት ያህል ይዛችሁ ግቡ፣ አንዱ ልጅ ሥራው ተበላሽቶ ሲያለቅስ አዲስ ትሰጡታላችሁ፣ ከተረጋጋ በኋላ ምን እንደተሰማው ሊነግራችሁ ከፈለገ ቃሉ በእጁ ነው።

*አንድ ልጅ ሳድ ብሎ ማልቀስ ጀመረ፣ ወይም ቤት ያለ ከባድ ነገር ተናገረ።* እንግሊዝኛውን እዛው አቁሙት። ዝቅ ብላችሁ በገዛ ቋንቋው አናግሩት፣ «አይዞህ፣ ሰምቼሃለሁ» በሉት፣ በሌሎቹ ፊት ዝርዝር አትጠይቁ። «ሳድ አትሁን፣ ሃፒ ሁን» እንዳትሉት። ክፍሉን በከለር ሥራ ያዙና ለብቻው ጊዜ ስጡት፣ ከዛ እንደ ነገሩ ክብደት ከወላጅ ወይም በትምህርት ቤቱ ይህን ከሚከታተለው ሰው ጋር ተነጋገሩ። ነገር ግን ልጁን የሚጎዳው ሰው ቤት ውስጥ ያለ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ለወላጅ አትንገሩ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሂዱ።

አዲስ ቃል ስትጨምሩ

አራቱ ያለዘፈን መውጣት ሲጀምሩ ሁለት ጨምሩ፣ ታየርድና ሰርፕራይዝድ። ሌላ ዕቃ አትሥሩ፣ አዲስ የአፍ ወረቀት ቆርጣችሁ እዛው ፊት ላይ አስገቡ፣ አሮጌዋን ጀርባው ላይ በፕላስተር ያዟት። በአዲሷ ወረቀት ላይ ሁለቱን አዲስ አፎችና ከድሮዎቹ ልጁ የሚረሳቸውን ሁለት አድርጉ። ለ7 እና ለ8 አመት ልጆች እዚህ ጋ «ሂ ኢዝ» እና «ሺ ኢዝ» ይጀመር፣ ወደ ጓደኛቸው የወረቀት ፊት እየጠቆሙ። ሀንግሪ ሲመጣ ደግሞ መዳፋቸውን አፋቸው ፊት አድርገው የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ይሰሟት፣ አንግሪ ላይ ትንፋሹ የለም፣ በዛ ይለዩታል።